ጉሬዛዬ ሲዘል ለምን ያናድዳል? ጅማ ላይ እየተሠራ ያለ የፒክስል ጌም፣ ሐሳብ ስጡበት

አዌቱ_ዳር · ሐሙስ ማታ 4፡20

ሰላም ነው ጎበዝ። ጅማ ነኝ። ቀን ሞባይል እጠግናለሁ፣ ማታ መብራት ካለ ጌም እሠራለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስም አላወጣሁለትም፣ ለጊዜው ፋይሉ ላይ «ጉሬዛ» ነው የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ድሮው ማሪዮ ከጎን የሚታይ፣ እየዘለላችሁ የምትሄዱበት ጌም ነው። የምትጫወቱት ጉሬዛውን ሆናችሁ ነው። ጫካ ቡና ውስጥ ይጀምራል፣ ከዋንዛ ወደ ብሳና እየዘለለ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ አዌቱን ይሻገራል፣ የሂርማታን ሐሙስ ገበያ በሸራው ላይ እየነጠረ ያቋርጣል፣ መጨረሻ ላይ ጅሬን ኮረብታ ላይ ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይደርሳል። ሰገነቱ ላይ ምን እንዳለ አልነግራችሁም። የጅማ በርጩማ የረገጠ ወደ ላይ ይወረወራል። ሥዕሉ ሁሉ ፒክስል ነው፣ በትንንሽ ነጥብ የተሠራ፣ የመሬቱ አንዱ ካሬ 16 በ16 ነጥብ፣ ጉሬዛው 16 በ24፣ ጅራቱ ሳይቆጠር።

ዴሞውን፣ የመሞከሪያ ቅጂውን፣ ለአራት ጓደኞቼ ሰጠሁ (ማውረጃ አድራሻው ከዚህ ጽሑፍ ሥር አለ)። ተመካክረው የመጡ ይመስል አራቱም ያሉኝ አንድ ነው፦ ያምራል ግን ያናድዳል። አንዱማ ኪቦርዴን ሊሰብረው ነበር። «ቅርንጫፉ ላይ ነበርኩ፣ ዝለል ብዬ ተጫንኩት፣ አልዘለለም፣ ወደቀ» ይላሉ። እኔ ስጫወተው ግን ምንም የለውም። አሥር ጊዜ ብሞክር አሥሩንም አልፋለሁ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ሌላው የቀለም ነገር ነው። እንደ ድሮው ኮንሶል፣ ቲቪ ላይ እንደሚሰካው የጌም ማሽን፣ ለአንድ ፍጥረት ሦስት ቀለም ብቻ ብዬ ወስኛለሁ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ግራጫ። ጫካው ውስጥ ሲገባ ግን ጉሬዛው ይጠፋና ነጭ ፀጉሩ ብቻ እንደ ፌስታል ይንሳፈፋል። አትሳቁ። ሕጉን ልስበረው ወይስ ልጽና?

ሦስተኛ ጥያቄ አለኝ፣ ስለ ፊደል ነው። እሱን ነገ እጽፋለሁ፣ ዛሬ ካነሣሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።

30_ነፍስ · ሐሙስ ማታ 4፡41

አቦ ይመችህ! ጅማ ላይ ጌም ይሠራል ብሎ ማን አሰበ።

ዴሞውን ነገ አወርደዋለሁ። ለጊዜው ትዝታዬን ልዘርግፍ። ልጅ ሆነን አጂፕ አካባቢ አንድ ቤት ነበረ። ሁለት ቲቪ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ክፍያው በሰዓት ነው፣ ባለቤቷ ሰዓቱን የምታየው ከሽሮ ድስቷ ጋር እያፈራረቀች ነበር፣ ሽሮው ካረረ ሁላችንም እንወጣለን። ኮንትራ የሚባለው የተኩስ ጌም ሲከፈት ላይ ላይ ታች ታች ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያልን ቁልፉን ተጭነን 30 ነፍስ እናስገባለን። በሰዓት ለሚከፍል ሰው ከዚያ የሚያዋጣ ነገር አልነበረም። ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ካሴቱ ላይ 9999 ጌም ይላል፣ ገብተህ ስታየው ሃያ ቢሆኑ ነው፣ የቀረው ያው ራሱ ስሙን እየቀያየረ የሚመጣ ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ማሪዮ ጥቁርና ነጭ ይመስለኝ ነበር። በግራ በኩል ያለው ቲቪ ጌም ላይ ቀለም የሚባል አያወጣም፣ ለዜና ሲሆን ግን ባለቀለም ነው! በቀኙ ለመጫወት እንጋፋ ነበር። ለምንድን ነው እንደዚያ የሚሆነው? የሚያውቅ ካለ ከሃያ ዓመት ጥያቄ ይገላግለኝ።

ኮድና_ቡና · ዓርብ ጠዋት 1፡05

30_ነፍስ፣ ቲቪው አልተበላሸም ነበር። ቲቪ የቀለም ምልክት የሚፈታበት ደንብ አንድ አልነበረም። እኛ አገር የነበረው ፓል የሚባለው ነው። ተመሳስለው የተሠሩት ኮንሶሎች ግን አንዳንዶቹ የአሜሪካንና የጃፓንን ደንብ፣ ኤንቲኤስሲን ነው የሚልኩት። ፓል ብቻ የሚያውቅ ቲቪ ምስሉን ይቀበለዋል፣ ቀለሙን ግን መፍታት ስለማይችል ጥቁርና ነጭ አድርጎ ያወጣዋል። የቀኙ ሁለቱንም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ባለቤቷ ለግራው ቅናሽ ልታደርግላችሁ ይገባ ነበር።

ወደ ጉሬዛው ስንመጣ፣ ሌሊት አውርጄ አርባ ደቂቃ ተጫወትኩት። እኔም ተናደድኩ። አዌቱ ዳር፣ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ግን ቅር አይበልህ፣ የጀማሪ ሁሉ ጥፋት ነው። ኮድህ አልተሳሳተም። ከመጠን በላይ ደረቅ ሆኖ ነው። የጉሬዛው እግር ቅርንጫፉን በለቀቀባት ቅጽበት መዝለል ትከለክለዋለህ። የሰው ጣት እንደዚያ አይሠራም። ዓይኑ ጫፉን አይቶ ጣቱ እስኪታዘዝ ድረስ ጉሬዛው ሁለት ሦስት ፒክስል አልፎታል። አንተ የማትወድቀው እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ራስህ ስለተከልከው ነው፣ ጣትህ በቃሉ ይዞታል። እናቱ የጋገረችውን እንጀራ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆርስ ልጅ ማለት ነህ።

ስለዚህ ትንሽ ምሕረት ጨምርበት። ጫፉን ከለቀቀ በኋላ ለ6 ፍሬም (ስክሪኑ ላይ ተከታትሎ የሚቀያየረው አንዱ ምስል ነው ፍሬም) ያህል አሁንም ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ቁጠርለት። በሰከንድ 60 ፍሬም ስለሆነ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው፣ ማንም አያየውም። ባለሙያዎቹ «ኮዮቴ ታይም» ይሉታል። ያ ካርቱን ላይ ገደሉን አልፎ አየር ላይ እየሮጠ፣ ቁልቁል ሲያይ ብቻ የሚወድቀውን አውሬ አስታውሱ፣ ስሙ ከእሱ የመጣ ነው። ደግሞ ሊያርፍ ጥቂት ፍሬም ሲቀረው የተጫኑትን ቁልፍ አትጣለው፣ ያዘውና እንዳረፈ ይዝለል። ጭንቅላቱ የቅርንጫፍ ጠርዝ በአንድ ሁለት ፒክስል ቢነካ ወደ ጎን ገፋ አድርገህ አሳልፈው፣ አሁን ግንብ እንደነካ ቁልቁል ትመልሰዋለህ።

አንድ ሌላም አለ። ዝላይህ ሁሌ አንድ ቁመት ነው። ቁልፉን ቶሎ የለቀቀ አጠር፣ ይዞ የቆየ ረዘም ብሎ ይዝለል። ይሄ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ላይ ሳይቀር አለ፣ ያውም ሮጦ የዘለለ ቆሞ ከዘለለው በላይ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ሴሌስትን የተጫወታችሁ ታውቃላችሁ። ተራራ መውጣት ነው፣ በየደቂቃው ትሞታለህ፣ ግን ጌሙን አትረግመውም። ሠሪዎቹ እነዚህን የምሕረት ዘዴዎች አንድ በአንድ በይፋ አስረድተዋል። መጀመሪያ ሲሠሩት ደግሞ በአራት ቀን የተጠናቀቀች፣ 128 በ128 ስክሪን ላይ የምትሮጥ ሚጢጢዬ ነበረች። ሥዕሉ ያን ጊዜ ምንም አልነበረም። ዝላዩ ግን ነበረ።

አዌቱ_ዳር · ዓርብ ቀን 7፡30

ሱቅ ውስጥ ደንበኛ የለም ብዬ 6ቱን ፍሬም አስገባሁ። አሥራ አንድ መስመር ኮድ ነው። አሥራ አንድ! የጎረቤት ልጅ ጠርቼ አስጫወትኩት፣ ትናንት አዌቱ ላይ አሥራ አምስት ጊዜ የሰመጠው ልጅ ዛሬ በሦስተኛው አለፈ። ምን እንደቀየርኩ አልነገርኩትም። «ጎበዝ ሆንኩ» ብሎ እየዘለለ ሄደ። ዝም አልኩ።

ቀለም_በጥብጥ · ዓርብ ማታ 2፡15

በቀለሙ በኩል እኔ ልናገር፣ የሱቅ ማስታወቂያና የባጃጅ ጀርባ እየሣልኩ የምኖር ሴት ነኝ። ስለ ኮድ አላውቅም።

ያ የሦስት ቀለም ሕግ ድሮ ማንም ወዶ የመረጠው አልነበረም። ማሽኑ ነው ያስገደዳቸው። የድሮው ኔንቲንዶ ለአንድ ትንሽ ሥዕል ሦስት ቀለምና አንድ ባዶ ብቻ ነበር የሚፈቅደው። በብልሃት ነው የተወጡት። ማሪዮ ቆብ ያደረገው ፀጉር መሣል ስላስቸገረ ነው፣ ጢሙም አፍ ከመሣል ገላገላቸው። የሱፐር ማሪዮ ደመናና ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል መሆናቸውን አስተውላችኋል? አንዱን ነጭ አንዱን አረንጓዴ ቀብተው ነው ያታለሉን። ይሄንን ሳውቅ ግማሽ ቀን ስቄያለሁ፣ ምክንያቱም እኔም ለሁለት ምግብ ቤት አንድ በግ ሥዬ አውቃለሁ።

እና ወንድሜ፣ ሦስቱን ቀለም ያዝ፣ ግን ጥቁሩን ጣለው። ጉሬዛ ጥቁር ነው ትለኛለህ። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ያየ ሰው ጀርባው ሰማያዊ እንደሚያብለጨልጭ ያውቃል። ጥቁሩን የጨለመ ሰማያዊ አድርገው። ግራጫውን ወደ ወይን ጠጅ ሳብ አድርገው። ነጩም ወረቀት አይሁን፣ ትንሽ ቅቤ ይግባበት።

ዋናው በሽታ ግን ጉሬዛው ላይ አይደለም ያለው፣ ጫካው ላይ ነው። ከኋላ ያለው ዛፍ ከፊት ካለው ቅርንጫፍ እኩል ጠቁሯል። አንተ ጅማ አይደለህ እንዴ? ነሐሴ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥና ወደ ጅሬን እይ። ሩቅ ያለው ዛፍ አረንጓዴ ነው? ጭጋግ ነው የሚታይህ። ከኋላ ያለውን ሁሉ በጭጋግ አፍዝዘው፣ ሦስት ንብርብር አድርገህ እየራቀ ሲሄድ እየነጣ ይሂድ። ጉሬዛው ያለ ማንም ርዳታ ብቅ ይላል። ቀይን ደግሞ አታባክነው። እኔ ብሆን ከደረሰ ቡና በቀር ስክሪኑ ላይ ቀይ የሚባል ነገር አላሳይም። ዓይን ሌላ ምን ይለቅማል?

የጎማ_ልጅ · ዓርብ ማታ 3፡02

ሥዕሉ ቆንጆ ነው፣ ግን አባቴ ቡና ስላለው አንድ ነገር ሳላርም ማለፍ አልችልም። ጉሬዛህ ቡና ይበላል። ጉሬዛ ቡና ለቅሞ አያውቅም እኮ! ዋነኛ ምግቡ ቅጠል ነው፣ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ቡናችንን የሚያጠፉት ጦጣና ዝንጀሮ ናቸው። አባቴ ይሄን ጌም ቢያይ «የማንን ስም ነው የሚያጠፋው» ነው የሚለው።

ሁለተኛ፣ ዴሞህ ላይ ቅርንጫፍ ጨብጦ ይንጠለጠላል። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፣ ጉጥ ነገር ብቻ ናት ያለችው። በአራቱ ጣት እንደ መንጠቆ አድርጎ ነው የሚይዘው። አንድ ፒክስል መሆኗን አውቃለሁ። ግን አየኋት።

ሲወርድ አይታችሁታል ግን? ከረጅም ዛፍ እጁን ዘርግቶ ይወረወራል፣ የጎኑ ፀጉርና ጅራቱ ብትን ይላሉ። ካባ የለበሰ ሰው ከሰገነት የዘለለ ነው የሚመስለው። ያንን ብታስገባው፣ ቁልፉን ይዞ የቆየ ሰው ቀስ ብሎ ቢንሳፈፍ፣ ጌምህ ከሌላው የሚለይበት ነገር ይሆንልሃል።

30_ነፍስ · ዓርብ ማታ 3፡10

ለአንድ ፒክስል አውራ ጣት የተካሄደ ክርክር። ይሄን ክር እወደዋለሁ።

አዌቱ_ዳር · ዓርብ ማታ 5፡48

የጎማ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ቡና ሲበላ ኖሯል። አባትህን ይቅርታ በልልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቡናውን ከጦጣ ያስጥላል እንጂ አይቀምስም። አውራ ጣቷንም ቆርጫታለሁ። መንሳፈፉ ግን ሰውነቴን ነዘረኝ፣ አሁኑኑ ልጀምረው ነው። ቀለም በጥብጥ፣ ጭጋጉን አስገብቼ ሥዕሉን ከታች ለጥፌዋለሁ፣ እይውና ንገሪኝ። እኔ በበኩሌ ሳየው የኛ ሰፈር መሰለኝ፣ እስካሁን የማንም ጫካ ነበር።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ። ጽሑፉ ሁሉ በአማርኛ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ከኢንተርኔት ያወረድኩት የግዕዝ ፊደል ትንሽ ሳደርገው ይቀልጣል፣ ለወረቀት ነው የተሠራው። ስለዚህ በድሮው ልክ፣ 8 በ8 ካሬ ውስጥ ራሴ ልሥል ተነሣሁ። የእንግሊዝኛውን ፊደል በአንድ ማታ ጨረስኩ። የኛን ስጀምር ግን አበድኩ። «ቡና ቤት» ብዬ ጻፍኩ፣ ስክሪኑ ላይ «ቡና ቢት» ነው የሚለው። ጨ የተገለበጠ ጠረጴዛ መሰለ። ሌላ ሰው ሞክሮት ያውቃል?

ፊደል_ቆጣሪ · ቅዳሜ ጠዋት 3፡30

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ጌም አልጫወትም። የልጅ ልጄ ናት ይሄንን ያሳየችኝ። የፊደሉ ነገር ግን ገብቶኛል፣ ሌሊቱን በካሬ ደብተር ላይ ስሞክር አደርኩ።

8 በ8 አይበቃህም። ምክንያቱን ልንገርህ። በ ሁለት እግር ነው፣ አንድ ካሬ እግር፣ አንድ ባዶ፣ አንድ እግር፣ በሦስት ካሬ ይወጣል። ጠ ግን ሦስት እግር ነው፣ ለእግሩ ብቻ አምስት ካሬ ይበላል። ጤ ስትለው ደግሞ ቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት ትጨምራለህ። ቀለበት ማለት መሐሉ ባዶ የሆነ ሦስት በሦስት ካሬ ነው፣ ከዚያ ካነሰ ቀዳዳው ይደፈናል። ቀዳዳው ሲደፈን ኃምሱ ሣልስ መስሎ ይነበባል። ቤትህ ቢት የሆነብህ በዚህ ነው።

ባና ቦን ተመልከት። ባ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ቦ ግራው። በአንድ ካሬ ብቻ ብታስረዝመው ሰው ሲሮጥ አያየውም፣ በሁለት አስረዝመው። ካዕቡ፣ ቡ፣ ጎኑ ላይ የምትወጣው ጭረት ከእግሩ ጫፍ በደንብ ትራቅ፣ ካልሆነ ቢ ትሆናለች። እኔ በደብተሬ ላይ ቁመቱን 12 ካሬ፣ ወርዱን እንደ ፊደሉ ጠባይ ከ5 እስከ 11 ሳደርገው ሁሉም ተነበበ። ወርዱን እኩል ለማድረግ አትታገል። ር ቀጭን ነው፣ ጨ ሰፊ ነው፣ ተፈጥሯቸው ነው።

ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ብታባዛው 231 ነው። በቀን አምስት ብትሥል አርባ ሰባት ቀን። ዲቃላዎቹ እነ ሏ፣ ሟ፣ ቧ ሳይቆጠሩ።

30_ነፍስ · ቅዳሜ ጠዋት 4፡00

ጋሼ፣ ከነፍሴ ነው የምወድዎት፣ ግን ሀ ሐ ኀን አንዱን አስቀርቶ ቢሥል ሥራው አይቀልለትም?

ፊደል_ቆጣሪ · ቅዳሜ ጠዋት 4፡26

አይቀልም። አንተ ስምህን በሁለት ቁጥር የጻፍክ ልጅ፣ ሐሙስ ገበያን በየትኛው ሀ ሊጽፈው ነው?

ኮድና_ቡና · ቅዳሜ ቀን 6፡12

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን አዌቱ ዳር 231ዱንም መሣል አይጠበቅበትም። በጌሙ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ሰብስብና የትኞቹ ፊደላት እንዳሉበት የሚቆጥር አጭር ኮድ ጻፍ። ያሉትን ብቻ ሣል። ሌላ ቃል ስትጨምር የጎደለውን ታሟላለህ። የማከማቻ ችግር ደግሞ ዛሬ የለም። ሱፐር ማሪዮ ሙሉው 40 ኪሎባይት ነበር፣ ያንተ የርዕስ ገጽ ሥዕል ብቻ ከዚያ ይበልጣል።

ሐሙስ_ገበያ · ቅዳሜ ማታ 1፡40

ሁላችሁም ስታሞጋግሱ አንድ መራራ ሰው ያስፈልጋል መሰለኝ። ይሄ ጌም ለማን ነው? ጅማ ላይ ላፕቶፕ ያለው ማን ነው? ተማሪ፣ እሱም የቤት ሥራና ፊልም ነው ያለበት። ሰው የሚጫወተው በስልክ ነው። ጌም ቤት ከገባህ ደግሞ ኳስ ነው፣ ፊፋ፣ ሌላ አይከፈትም። አሁን የድሮ ዘመን ሥዕል አምጥተህ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብታሳየው «ይሄ የተበላሸ ነው?» ነው የሚልህ። ሬትሮ የሚሉት የድሮ ጌም ነገር የፈረንጅ ናፍቆት ነው። የእኛ አይደለም።

ቀለም_በጥብጥ · ቅዳሜ ማታ 2፡05

የስልኩ ነገር እውነት ነው። የናፍቆቱን ግን አልቀበልህም። 30_ነፍስ ስለዚያ ግራ ቲቪ የጻፈውን አንብበሃል? የፈረንጅ ልጅ ባለቀለሙን ኦሪጅናል ማሪዮ ነው የሚናፍቀው። እሱ የሚናፍቀው ቀለም ያጣውን፣ ሽሮ ሽሮ የሚሸተውን ነው። ሁለቱ አንድ ናፍቆት አይደሉም። ደግሞ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን ይላል ካልክ፣ የወንድሜ ልጅ ማይንክራፍት ላይ ውሎ ያድራል፣ እሱ ካሬ አይደለም?

30_ነፍስ · ቅዳሜ ማታ 2፡31

ስለ ሽሮው አመሰግናለሁ።

በነገራችን ላይ ያኔ ካሬ አይተን አናውቅም። የድሮው ቲቪ መስታወት ሥዕሉን ያደበዝዘዋል፣ አንዱ ነጥብ ወደ አጠገቡ ይፈስሳል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል። አሁን በላፕቶፕ ስናየው ነው ምላጭ የሆነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጌሙ ላይ ያንን የድሮ ቲቪ የሚያስመስል ማጥፊያና ማብሪያ ያለው ነገር ይግባ። ሌላ አንድ ነገርም ይግባልኝ፦ «የግራ ቲቪ» የሚል ምርጫ። ስትነካው ሁሉም ጥቁርና ነጭ ይሆናል። በቃ። እሱን ብቻ ብታስገባልኝ ሁለት ኮፒ እገዛለሁ።

ጠላት ሲበዛ ይብለጨለጭ የነበረውም ትዝ ይለኛል፣ እሱንስ ልታስገባው ነው?

ኮድና_ቡና · ቅዳሜ ማታ 2፡50

ብልጭልጩ የመጣው ማሽኑ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ትንንሽ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ነው። ዘጠነኛው ይጠፋል፣ እንዳይጠፋ ብለው እያፈራረቁ ያሳዩታል፣ ስለዚህ ይርገበገባል። ያንን አታስገባ እባክህ፣ ዓይን ነው የሚያደክመው።

ሐሙስ ገበያ፣ ስልክን በተመለከተ ልደግፍህና ልቃወምህ። ልክ ነህ፣ ሰው ስልክ ላይ ነው ያለው። ግን እንዲህ ያለ ጌም መስታወት ላይ ሲሆን አውራ ጣትህ ቁልፉን አይሰማውም፣ ግማሹ ዝላይ ይከሽፋል። ኩኩሉን አስታውሱ፣ ያቺ እንዳትታረድ የምትሮጠዋን ዶሮ፣ የኛው አገር ልጆች የሠሯት። ዶሮዋ ራሷ ነው የምትሮጠው፣ ያንተ ሥራ በጣት መጥረግ ብቻ ነው። ለስልክ ሲታሰብ እንደዚያ ነው። ጉሬዛውን ወደ ስልክ ማምጣት ከተፈለገ ጌሙን እንደገና ማሰብ ነው፣ ሁለት ቁልፍ ለጥፎ መላክ አይሆንም። መጀመሪያ ይሄኛው ይለቀቅ።

ስለ ላፕቶፑ አንድ ምክር አለኝ። ስክሪንህ 320 በ180 ነው፣ ለአዲሱ 1920 በ1080 ስድስት እጥፍ ሆኖ ልክ ይገባል። እዚህ አብዛኛው ሰው የያዘው አሮጌ ላፕቶፕ ግን 1366 በ768 ነው። ጌምህ እሱን ልሙላ ብሎ ይለጠጣል፣ አንዱ ፒክስል ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሆናል፣ ጉሬዛው ሲሄድ ፊቱ ይጨማደዳል። አትለጥጠው። አራት እጥፍ ብቻ አድርገው፣ 1280 በ720 ይሆናል፣ በግራና በቀኝ 43፣ ከላይና ከታች 24 ፒክስል ይተርፍሃል። ጥቁር አድርገህ ተወው።

ቀለም_በጥብጥ · ቅዳሜ ማታ 3፡04

ለምን ጥቁር ይሆናል? ሰፌድ ልሥልበት። ዙሪያውን የሰፌድ ጥለት፣ በነፃ እሠራለሁ፣ ስሜን ብቻ መጨረሻ ላይ ጻፍልኝ።

የቆጪ_አባ_ወራ · እሑድ ቀን 5፡15

እኛ ቤት የሚወራው አፋን ኦሮሞ ነው። ልጆቼ ዴሞውን ወደውታል፣ ግን ትንሿ ጽሑፉን ማንበብ አልቻለችም፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያነበብኩላት ነው የጨረሰችው። ጅማን የምታሳይ ጌም አፋን ኦሮሞ ቢኖራት ደስ ይለናል። ትርጉሙን እኔና ባለቤቴ እንሠራዋለን።

አዌቱ_ዳር · እሑድ ማታ 2፡20

አባ ወራ፣ በደስታ! እኔም ማሰብ ነበረብኝ፣ አፈርኩ። ቁቤ በላቲን ስለሆነ ፊደሉ 8 በ8 ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፣ በአንድ ማታ የጨረስኩት ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ድምፁ ሲረዝም አናባቢው ስለሚደገም ቃሉ ከአማርኛው ይረዝማል፣ የንግግር ሳጥኔ ደግሞ ለአማርኛ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ሁለት መስመር የነበረውን ሦስት አደርገዋለሁ። ፋይሉን በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ።

ፊደሌን ደግሞ ቆጥሬ መጣሁ። በጠቅላላ ጽሑፌ ውስጥ ያሉት 118 ብቻ ናቸው። ጋሼ፣ በ12 ካሬዎ ሣልኩት፣ ቤት ቤት ሆነ።

ሐሙስ_ገበያ · እሑድ ማታ 2፡44

እሺ፣ ያው መራራነቴን ልጨርስ። ገንዘቡስ? ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጌም ገበያ ላይ አንድ ጌም ለማውጣት 100 ዶላር ነው፣ ዶላር እንግዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃለህ፣ ካርድስ ከየት ይመጣል። ከሸጥክ በኋላ ደግሞ 30 ከመቶ ይወስዳሉ።

ኮድና_ቡና · እሑድ ማታ 3፡01

100 ዶላሯ ሽያጩ 1000 ዶላር ሲያልፍ ትመለሳለች። ግን አሁን እሷን አታስብ። ኢች የሚባለው ገበያ ላይ መለጠፍ ነፃ ነው፣ ዴሞውን እዚያ አድርገው፣ ሰው ይልመደው። ሾቬል ናይት የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2013 ከሕዝብ 311 ሺህ ዶላር ገደማ ሰብስቦ ነው የተሠራው፣ እዚህ ሆነህ እንደዚያ ያለ መዋጮ መክፈት አትችልም፣ እሱን እርሳው። አንተን የሚመስለው ኬቭ ስቶሪ የተባለው ጌም ሠሪ ነው። አንድ ጃፓናዊ፣ ብቻውን፣ በትርፍ ጊዜው አምስት ዓመት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በነፃ ለቀቀው። ዛሬም ሰው ይጫወተዋል። አንተ ገና ሁለተኛህ ነው።

ሐሙስ_ገበያ · እሑድ ማታ 3፡09

አምስት ዓመት ብሎ ማጽናናት። ይሁን። ሲወጣ ንገሩኝ፣ እገዛለሁ። ገበያው ውስጥ የበርበሬ ነጋዴዋ ሸራ ላይ ሲያርፍ ግን በርበሬ መነሣትና ማስነጠስ አለበት፣ ያለዚያ ሐሙስ ገበያ አይባልም።

አዌቱ_ዳር · ረቡዕ ማታ 4፡55

ሁለት ቀን መብራት ስላልነበረ ነው የጠፋሁት። አዲሱ ዴሞ ወጥቷል፣ አድራሻው የመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ነው። የተጨመሩት፦ 6ቱ ፍሬም፣ አጭርና ረጅም ዝላይ፣ ጭጋግ፣ መንሳፈፍ፣ አራት ጣት፣ የቀለም በጥብጥ ሰፌድ፣ «የግራ ቲቪ»። በርበሬው ገብቷል፣ ያስነጥሳል፣ በሚያስነጥስበት ጊዜ መዝለል አይችልም፣ አስቡበት። ስም ገና የለውም። አፋን ኦሮሞው በሚቀጥለው ይገባል።

የግራ ቲቪን አብርቼ ጫካውን ስጫወተው ጉሬዛው ምንም አልተለወጠም። ዓለሙ ሁሉ ወደ እሱ መጣ እንጂ።

30_ነፍስ · ረቡዕ ማታ 5፡20

አበራሁት። አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ አየሁት፣ አልተጫወትኩም።

የጎማ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 5፡37

ከአባቴ ጋር ነው የተጫወትኩት። ጦጣዎቹን በጣም ወዷቸዋል፣ ሲወድቁ እያጨበጨበ ነው። ግን ቤተ መንግሥቱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ፣ በርጩማው ረግጬ ወደ ላይ ስወረወርና ወዲያው ስንሳፈፍ፣ ጅራቱ ጣሪያው ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ። ጉሬዛው ወረደ፣ ጅራቱ ላይ ነው ያለው።

አዌቱ_ዳር · ረቡዕ ማታ 5፡41

አየሁት። ጅራቱን ለብቻው ነው የማንቀሳቅሰው፣ ጣሪያው እንዳለ አያውቅም። ነገ።